አባባ ተስፋዬን ስናስታውስ
(ሽንሌ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ድልድይ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድና ስለ መንገድ መነጋገር በለመደ ጉባኤ ፊት ስለ አንድ የልጆች ተረት ነጋሪ ልናገር ስነሣ፣ ርእሱ ከሙያችን የራቀ የሚመስለው ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ነገር ግን እኛ መሐንዲሶች አንድን ሥራ የምንመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው፤ ምን ያህል ዕቃ ፈጀ? ምን ያህልስ ዘመን አገለገለ? በዚህ ሚዛን ከሄድን፣ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በአንድ ወንበርና በአንድ ድምፅ ያከናወኑትን ያህል በጥቂት ዕቃ ተሠርቶ ረጅም ዘመን ያገለገለ ሥራ በአገራችን በቀላሉ አይገኝም።

አባባ ተስፋዬ የተወለዱት በባሌ ነው። ወደ ልጆች ዓለም ከመግባታቸው አስቀድሞ የታወቁ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ መውጣታቸው እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ እየወከሉ ተጫውተዋል፤ ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ጦር ጋር ተጉዘው ወታደሩን አዝናንተዋል፤ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ዝናን አትርፈዋል። ሙዚቃ ይጫወቱ፣ ምትሃትም ያሳዩ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ይህን ሁሉ ችሎታቸውን ሰብስበው ለታናናሾቹ ተመልካቾች አዋሉት። የልጆችን ዝግጅት ከ40 ዓመታት በላይ መሩ። በእነዚህ ዓመታት ንጉሣዊው ሥርዓት አለፈ፤ ወታደራዊው መንግሥት መጥቶ ሄደ፤ ከእርሱም በኋላ ሌላ ዘመን ተተካ። በ1977 ዓ.ም. ምስሉ ራሱ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተሸጋገረ። ልጆችን የዛሬ አበባዎችና የነገ ፍሬዎች እያሉ የሚቀበሉበት ሰላምታ ግን አልተለወጠም። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ በመጀመሪያው ዓመት የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ያያቸው ሰው የ60 ዓመት አዛውንት ሆኖ ነበር። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሰው የሚያዝኑበት ሞት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ለመሆኑ የሥራቸው ምሥጢር ምን ነበር? በዓይን የሚታየው በጣም ጥቂት ነው። አንድ አባት ተቀምጧል፤ ልጆች ፊት ለፊቱ ተሰብስበዋል። ጅቡ ሲናገር ድምፁ ይጎረንናል፤ ጦጣዋ ስትመልስ ይቀጥናል፤ ከዚያም አንዳፍታ ዝም ይላል። ተረቱ ሲያበቃ ልጆቹ ምን እንደ ተማሩበት ይጠየቃሉ፤ እነርሱም በተራቸው ተረት ይነግራሉ። ጅቡን፣ ጫካውንና ጨለማውን የሚሥለው ተመልካቹ ልጅ ራሱ ነው። ሌላው አገር በሺህ ሥዕል የሚያንቀሳቅሰውን እንስሳ አባባ ተስፋዬ በልጁ አእምሮ ውስጥ ያንቀሳቅሱት ነበር። ይህ የድህነት ዘዴ ብቻ እንዳይመስለን። ለልጁ የሥራ ድርሻ መስጠት ልጁን ማክበር ነው።

ይህ ዐይነቱ ጠባይ በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነ ለማሳየት፣ በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረውን ኦሊቨር ፖስትጌትን ልጥቀስ። ፖስትጌት ከሠዓሊው ከፒተር ፈርሚን ጋር ሆኖ በኬንት ገጠር በሚገኝ ያረጀ የላም በረት ውስጥ ለልጆች ተንቀሳቃሽ ሥዕልና የአሻንጉሊት ፊልም ይሠራ ነበር። መሣሪያዎቹን ራሱ እየገጣጠመ፣ ትረካውንም በራሱ ለስላሳ ድምፅ እያነበበ፣ ብዙ ትውልድ አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ2008 ዐረፈ። ከሥራዎቹ አንዱ በዌልስ አገር የሚኖር፣ ከመዘምራን ጋር መዘመር የሚመኝ የአንድ ትንሽ ባቡር ታሪክ ነው፤ በሐዲድ ዳር ለሚያድግ የሽንሌ ልጅ ይህ ምኞት እንግዳ አይሆንበትም። የድካሙን መጠን በእኛው ቋንቋ እናስላው። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 25 ምስል ያሳያል፤ ስለዚህ የ10 ደቂቃ ፊልም 15,000 ምስል ይፈልጋል። እያንዳንዱ አቀማመጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢነሣ እንኳ አሻንጉሊቱ 7,500 ጊዜ በእጅ መነካት አለበት። ይህን ሁሉ ትዕግሥት የጠየቀው ፊልም ታይቶ ሲያልቅ ልጁ የሚያስታውሰው ድካሙን ሳይሆን የባቡሩን ደግነት ነው።

አባባ ተስፋዬም ሆኑ ፖስትጌት ለስላሳ ነበሩ ስንል፣ ልስላሴ ከድክመት ጋር እንዳይምታታብን እፈልጋለሁ። ለትልቅ ሰው የተሠራ ደረጃ አንዱ እርከን ጥቂት ቢዛባ ሰውዬው ተደናቅፎ ያልፋል፤ ለሕፃን የተሠራ ግን እንዲህ ያለውን ስሕተት አይችልም። ልጅን ማስጮኽና ማስደንገጥ ቀላል ነው፤ ድምፅን ከፍ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ሳያስደነግጡ ጸጥ አሰኝቶ ማቆየት፣ እውነቱን ሳይደብቁ ተስፋውን አለመስበር ግን የተጣራ ልክ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቆምንበት ስፍራ ልመለስ። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በዚህ በሽንሌ በኩል አልፎ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከሐዲዱ በፊትም በኋላም የዚህ አገር ሕዝብ ታሪኩንና ሕጉን ጠብቆ ያቆየው በቃል ነው። ሄር ኢሳ የሚባለው የኢሳ ሶማሌዎች የቃል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ስለዚሁ ነው። ተረቱም እንዲሁ። በአማርኛ ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆች «የላም በረት» ብለው እንደሚቀበሉት ሁሉ፣ በሶማሊኛም «ሼኮ ሼኮ» ሲባል «ሼኮ ሐሪር» ተብሎ ይመለሳል፤ የሐር ተረት ማለት ነው። ጆሮ ረጅሟ ደግዴር፣ በፍርሃቱ የታወቀው ኢጋል ሺዳድ፣ አንበሳና ቀበሮም በዚሁ ሐር ውስጥ ይኖራሉ።

ከእነዚህ አንዱን ላንሣ። አንበሳ፣ ጅብና ቀበሮ አብረው አደኑ። ጅብ ሥጋውን አካፍል ቢባል ግማሹን ለአንበሳ፣ ግማሹን ለቀሩት መደበ፤ አንበሳው በጥፊ መትቶ ዓይኑን አፈሰሰው። ተራው ለቀበሮ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለአንበሳ ሰጠች። እንዲህ ያለ ክፍያ ማን አስተማረሽ ብትባል፣ የጅቡ ዓይን ብላ መለሰች። ይህ ተረት ስለ ጉልበትና ስለ ፍትሕ የሚናገረው ከባድ ነገር ነው። በጩኸት ቢነገር ልጁን ፍርሃት ብቻ ያስተምረዋል፤ በረጋ ድምፅ ተነግሮ መጨረሻ ላይ «እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታካፍሉ ነበር?» ቢባል ግን ዳኝነትን ያስተምረዋል። ልዩነቱ ያለው በተራኪው እጅ ነው።

የአባባ ተስፋዬ ዝግጅት በመጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር፤ ሞገዱ ሩቅ መሄድ ሲችልም በቋንቋው የሚያልፈው አማርኛ ለሚሰማ ልጅ ነው። ይህን ስል ሥራቸውን ለማሳነስ አይደለም፤ የጀመሩት መንገድ ገና የሚቀጥል መሆኑን ለማስታወስ ነው። የቀጠሉትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩት፣ ፀሐይ የተባለችውን ቀጭኔ ለልጆች ያስተዋወቀው የአሻንጉሊት ዝግጅት ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፤ ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ተመልሷል። በጥቂት ዕቃ ትልቅ ሥራ መሥራት አሁንም እንደሚቻል ይህ ምስክር ነው።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? መግነጢሳዊ ቴፕ ዘላለማዊ እንዳልሆነ እናውቃለን። ማጣበቂያው እርጥበት ይጠጣል፤ ቅባቱ ይረግፋል፤ ማጫወቻው መሣሪያም ከፋብሪካ መውጣቱን አቁሟል። በዚያ ዘመን በብዙ አገር የነበሩ ጣቢያዎች ቴፕ ውድ በመሆኑ የቀረጹትን እየደመሰሱ መልሰው ይቀርጹበት ነበር። ስለዚህ ከአባባ ተስፋዬ ዘመን የተረፈ ቅጂ በማንኛችንም እጅ ቢገኝ ሳይውል ሳያድር ወደ ዲጂታል መገልበጥ አለበት።

ከቴፕ ይልቅ ቶሎ የሚያልፈው ግን ሰው ነው። በዚህ አካባቢ የሐር ተረቶቹን ሙሉ በሙሉ የሚያውቁ እናቶችና አዛውንት ዛሬ ከእኛ ጋር አሉ። ድምፃቸውን ለማኖር የሚያስፈልገው ወጪ ኢምንት ነው። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ነጠላ ድምፅ የሚይዘው ከግማሽ ጊጋባይት እምብዛም አይበልጥም፤ ጥፍር የምታህል የ64 ጊጋባይት ማኅደር ከ100 ሰዓት በላይ ትሸከማለች። አንዲት ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ መቅረጫውን ትሞላለች። ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የተራኪው ስም፣ ቀኑና ስፍራው በፈቃዱ ይመዝገብ፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱም በሌላ ከተማ ይቀመጥ። ነገ ከዚህ አገር ልጆች አንዱ ሠዓሊ ሆኖ ቀበሮዋን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሊያስነሣት ሲፈልግ፣ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ለአባባ ተስፋዬ ሐውልት ማቆም የሌሎች ፈንታ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚስማማን መታሰቢያ ይህ ይመስለኛል፤ እያንዳንዳችን እስከሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ድረስ ቢያንስ የአንድ ተራኪን ድምፅ በጥንቃቄ ቀርጸን ብናመጣ። መቅረጫውን ከመክፈታችን በፊትም ልጆችን ከፊት እናስቀምጥ፤ ተረት የሚያምረው ሰሚ ሲኖረው ነውና።