ስለ ሸክላ ማጫወቻ መቀመጫ አሠራር

(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ስለሚያርፍበት የእንጨት መቀመጫ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም የሚሸከመው ቅርስ ትንሽ አይደለም።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ኋላም በ1969 እ.ኤ.አ. አምኃ እሸቴ በአዲስ አበባ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ የእነ ዓለማየሁ እሸቴንና የእነ ማሕሙድ አሕመድን ዘፈን አሳተመ። ከነዚህ ሸክላዎች ዛሬም በየቤቱ የቀሩ አሉ። ነገር ግን ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ሣጥኑን ምስጥ ስለ በላው ብቻ ማጫወቻው ይጣላል፤ ያን ጊዜ ሸክላውም ዲዳ ይሆናል።

የመቀመጫው ጥቅም ምንድን ነው? የሸክላ ድምፅ የተቀረጸው እንደ ጠጉር በቀጠነ ቦይ ውስጥ ነው። መርፌው የነካውን መንቀጥቀጥ ሁሉ ወደ ድምፅ ይለውጣል እንጂ ዘፋኙን ከሞተሩ ንዝረት፥ በጓዳ ከሚወቀጠው ቡናና ከአላፊው ሰው ኮቴ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ መቀመጫው ከባድና የማይነቃነቅ መሆን አለበት።

እኔ ለአያቴ ማጫወቻ የሠራሁት ከአሮጌ የዋንዛ በር ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በስፋቱ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ብዙ ዘመን የደረቀ ሳንቃ ግን እምብዛም አይጣመምም። ሳንቃውን በጠባቡ ሰንጥቆ፥ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እየገለበጡ በኮላ ማጣበቅ ይገባል፤ የአንዱን መጣመም ሌላው ይገታዋልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ልኬት ነው። ከሳህኑ እምብርት እስከ ክንዱ መዞሪያ ያለው ርቀት ከአሮጌው ሣጥን ላይ በካርቶን ተነድፎ ሳይዛነፍ ወደ እንጨቱ ይተላለፋል። ርቀቱ ቢሳሳት መርፌው በቦዩ ውስጥ ተጣሞ ይሄዳል፥ ድምፁም ይሻክራል። የኤሌክትሪኩን ሽቦ ግን ባለሙያ ይፍታው፥ ባለሙያም ይግጠመው።

ስለ እግሩ ከእናቶቻችን እንማር። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ መሬቱ ጎርባጣ ቢሆንም አይወዛወዝም፤ ለመቀመጫውም ሦስት እግር ይበቃዋል። ከእግሮቹ ሥር ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ይደረጋል፤ በመጨረሻም በውሃ ልክ ይስተካከላል።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ መቀመጫው ለዘፈኑ ጣዕም አይጨምርም። ነገር ግን ጉልቻው ከተናጋ ወጡ ይደፋል።

አያቴ በወጣትነታቸው የሰሙትን ድምፅ ዛሬ እኔም አብሬያቸው እሰማለሁ። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ አሮጌውን ማጫወቻ ከመጣላችሁ በፊት ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ጓደኞቼ ሆይ፥ እናንተም መጋዝና መላጊያ ከመያዝ አትፈሩ።