የአባላት ሒሳብ በአንድ ዲስክ ላይ አይደር



ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ገበሬው ያስረከበው ወተት፣ የወሰደው ማዳበሪያና የገዛው ዕጣ በኮምፒውተር በሚመዘገብበት ማኅበር ሁሉ አንድ ሥጋት አለ። ዲስክ ይበላሻል። ሌላ ዲስክ ከሱቅ ይገዛል፤ የአባሉ የትርፍ ድርሻ ማስረጃ ግን ከሱቅ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1987 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ዲስኮችን አቀናጅቶ የመጠቀምን ዘዴ «ሬይድ» ብለው ሰየሙት። ከዓይነቶቹ ቀላል የሆነው «ሬይድ አንድ» ያንኑ መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፋል። ልዩ መሣሪያ ሳይገዛ፣ ሊኑክስ ውስጥ ባለው ነፃ ሶፍትዌር ይሠራል። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራው በሌላው ይቀጥላል።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ሥራው ስላልቆመ ብልሽቱን ማንም ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሁለተኛው ሲከተል ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ የዲስኮቹን ሁኔታ በየሳምንቱ ይመልከት። ሁለቱም ጤነኛ ሲሆኑ ሊኑክስ ሁለት «ዩ» ፊደሎችን ያሳያል፤ በአንዱ ቦታ ሰረዝ ከታየ አንዱ ዲስክ ከሥራ ወጥቷል ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ሌላ ነገር ሳይነካ መረጃውን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ፤ የቀረው ዲስክ ብቻውን ነውና። ሁለተኛ፣ የተበላሸውን በመለያ ቁጥሩ አረጋግጦ ማውጣት፤ ተሳስቶ ጤነኛውን የነቀለ ብልሽቱን ወደ ጥፋት ይለውጠዋል። ሦስተኛ፣ መጠኑ ከቀድሞው የማያንስ ዲስክ ተክቶ «ኤምዲአድም» በተባለው ፕሮግራም ወደ ጥንዱ መጨመር፣ ግልበጣው እስኪያልቅም መብራት እንዳይቋረጥበት በዩፒኤስ መጠበቅ። አራተኛ፣ ኮምፒውተሩ ከአዲሱም ዲስክ መነሣት እንዲችል ማስነሻ ፕሮግራሙን መጫን።

ጥንድ ዲስክ ብቻውን ግን አይበቃም። በስሕተት የተሰረዘ መዝገብ ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ቫይረስ፣ እሳትና ሌባም አንዱን ከሌላው አይለዩም። ስለዚህ የሰበታው ቅጂ በቡራዩ፣ የቡራዩው በሱሉልታ፣ የሱሉልታው በሰበታ ተቆልፎ ይቀመጥ።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ለሁለተኛው ዲስክ በጀት ይያዝ። የቁጥጥር ኮሚቴውም ካዝናውን እንደሚቆጥር ሁሉ፣ ቅጂው ተከፍቶ መነበቡን ይመርምር። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።