ማልያው ላይ ያለው ስም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ሲኤምሲም ሆነ ሌላ ሰፈር ኳስ የሚጫወቱ ልጆቻችንን ማልያ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ደረታቸው ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?

በአገራችን ቢራና ኳስ የተወዳጁት ዛሬ አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም.፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ክለብ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረቱ። ፋብሪካው በደርግ ተወርሶ ከቆየ በኋላ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ንብረት ሆነ፤ ክለቡንም ለረጅም ጊዜ ስፖንሰር አደረገ። የዑለሞችና የመስጊዶች ከተማ የሆነችው ሐረርም ስሟ በጠርሙስ ላይ ተለጥፎ፣ ፋብሪካው የራሱን የእግር ኳስ ቡድን አሰልፏል። ሄኒከን የሐረርንና የበደሌን ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያም በብሔራዊ ቡድናችን መጠሪያ «ዋልያ» የተባለ ቢራ አወጣ፤ ቡድኑንም ስፖንሰር አደረገ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ለጽድቅ የወጣ አይደለም። ልጁ የሚወደውን ተጫዋች ሲያስብ የቢራውም ስም አብሮ እንዲታወሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥም አዘዘ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን በልጅ ልብ ውስጥ የተቀመጠን ስም አዋጅ ብቻውን አይፍቀውም።

«እኛ እስካልጠጣን ድረስ ገንዘቡ ስፖርቱን ቢያሳድግ ምን አለበት?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 219 ላይ አስካሪ መጠጥ ጥቅም እንዳለው አልካደም፤ ኃጢአቱ ግን ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነገረን። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የረገሙት ጠጪውን ብቻ ሳይሆን ጠማቂውን፣ ተሸካሚውን፣ ሻጩንና ዋጋውን የሚበላውን ጭምር ነው። ታዲያ ስሙን በደረት ተሸክሞ በሺዎች ፊት መሮጥ ከመሸከም በምን ይለያል?

ይቻላልን? አዎ። ደቡብ አፍሪካዊው የክሪኬት ተጫዋች ሃሺም አምላ የቢራ ምልክት ያለበትን ማልያ አልለብስም አለ፤ ቦርዱም ፈቀደለት፤ የቡድኑ አምበል እስከመሆንም ደረሰ። ኳታርም እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው በስታዲየሞች ዙሪያ የቢራ ሽያጭን ከለከለች፤ ውድድሩም አልተስተጓጎለም።

ይሁንና ማውገዝ ብቻውን ልጆቻችንን አያለብስም። ኳስ፣ ጫማና ትራንስፖርት ገንዘብ ይጠይቃሉ። እናንተ የሱቅ፣ የመጋዘንና የሕንፃ ባለቤቶች ሆይ! የሰፈራችሁን ቡድን ማልያ ግዙ፤ የሱቃችሁን ስም ጻፉበት። ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ከክለብ ጋር ከመፈራረሙ በፊት ስለ ማልያው ከኃላፊዎቹ ጋር በአደብ ተነጋገሩ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁም ጋር ተመካከሩ፤ ልጁ በመጠጥ እንዲጠፋበት የሚሻ አባት የለምና።

ሐራሙን ከልጆቻችን ደረት የምናነሣው በቦታው ሐላሉን ስንተካ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን።