የአያት ደብዳቤ
(ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ንገሩን ብላችሁ ስትጠሩን መጀመሪያ ግራ ገባን። «እነሱ ፊደል ቆጥረው ገና መጨረሳቸው ነው፤ የእኛ ነገር ምን ያደርግላቸዋል?» ተባባልን። ኋላ ስናስበው ግን ከእናንተ ጋር የሚያገናኘን ነገር አገኘን። እሱን እንነግራችኋለን።

ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ማለት የልዩ ልዩ አገር ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ብዙ ጊዜ በውጭ ቋንቋ የሚማሩበት ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1924 በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቭ ከተማ ተከፈተ። የመንግሥታቱ ማኅበር ሠራተኞች ከየአገሩ ቤተሰባቸውን ይዘው መጥተው ነበርና ለልጆቻቸው መማሪያ አስፈለገ። በአዲስ አበባም የውጭ አገር ሰዎች ትምህርት ቤቶች ቀድሞም ነበሩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋምና ኤምባሲዎች ሲበዙ ግን ከየአገሩ የሚመጣው ልጅ በረከተ።

እኛም ከእነዚህ በአንዱ ተማርን። የትኛው እንደሆነ አንናገርም፤ ወቀሳም ስላለን ነው። ያገኘነውን ግን አንክድም። ከጋናው ልጅ፣ ከሕንዱ፣ ከሱዳኑ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። የሰው መልክና ልማድ አያስደነግጠንም። ፈተናችን በውጭ አገር የታወቀ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት፣ ሥራም ለማግኘት ብዙ አልተቸገርንም።

አንድ ነገር ግን አለ። የዲፕሎማት ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል። በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ አንድ ጓደኛ እንሸኛለን፤ መስከረም ላይ ሌላ እንተዋወቃለን። ይኸው ዛሬም፣ ጎልምሰን እንኳ፣ ከሰው ጋር ቶሎ እንግባባለን፤ መለያየትም አይከብደንም። ሚስቶቻችን «እናንተ እኮ ሁልጊዜ እንግዳ ናችሁ» ይሉናል። እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አማርኛ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ነበር። በፈተናው ስለማይቆጠር ማንም አይጨነቅበትም፤ እኛም ደብተራችን ላይ ሥዕል እየሣልን እናሳልፈው ነበር። በእንግሊዝኛ ድርሰት ጽፈን የምንሸለም ልጆች በገዛ ቋንቋችን ማይም ሆነን ወጣን ማለት ነው። መናገሩንስ እንናገራለን። ሥራ ከያዝን በኋላ ግን ቃለ ጉባኤ ሲዞር ሳናነብ የፈረምን አለን።

ከመካከላችን አንዱ የደረሰበትን እንንገራችሁ፤ ፈቅዶልናል። አያቱ በደብረ ብርሃን አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ቆጠሩ። እሱ አሜሪካን አገር፣ ዋሽንግተን ይማር በነበረ ጊዜ፣ በ1984 ዓ.ም. ደብዳቤ ጻፉለት። ፖስታውን ከፈተ፤ ፊደሉን አየ፤ ከሦስት ቃል በላይ ማለፍ አቃተው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ወደሚሠራ አንድ የአገር ሰው ወሰደው። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ልጄ ሆይ፣ ይህን ብቻህን ሆነህ አንብበው። ሰው እንዳይሰማው ብዬ ጸሐፊ ሳልፈልግ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየውና «ልቀጥል?» አለው። ምን ይበል? ቀጥል አለው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ አባትህ ሥራ ካጣ ሰባት ወር ሆነው። የእኅትህን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈልነው ሁለቱን ላሞች ሸጬ ነው። እንዳልነግርህ አስምሎኛል። እየሠራህ የምትረዳው ከሆነ እርዳው፤ እኔ እንደነገርኩህ ግን አይወቅ።

የቤቱን ገመና ከእሱ ቀድሞ ባዳ ሰማው። አያቱ ከጸሐፊ ለመገላገል በዚያ ዕድሜያቸው እርሳስ ጨብጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው በዚያ ሁሉ ገንዘብ ተምሮ አንባቢ ፈለገ። ሰውየው ደግ ሰው ነበር፤ ምስጢሩን ለማንም አላወጣም። እሑድ እሑድ የፊደል ገበታ ዘርግቶ ያስተምረው ጀመር። መልሱን ለመጻፍ አራት ወር ፈጀበት።

ዛሬ እኛም የልጆች አባቶች ሆነን የት እናስተምር እያልን እንከራከራለን። ገሚሶቻችን እዚያው ዓይነት ትምህርት ቤት አስገብተን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ እናስጠናለን። ገሚሶቻችን ደግሞ የሰፈር ትምህርት ቤት ይበቃል እንላለን። እስካሁን አልተስማማንም።

የዚያ ጓደኛችን መልስ ዘጠኝ መስመር ነበር። አያቱ ካረፉ በኋላ ከሙዳያቸው ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። የተሳሳተውን ፊደል ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አርመውበታል።