ለጎረቤቱ የሚያስብ ራዳር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች ነን። በዚህ አዳራሽ ስለ መሬት፣ ስለ ግብርና ስለ ሕግ ብዙ ተነግሯል። እኛ ደግሞ በዓይን ስለማይታይ፣ ነገር ግን እንደ መሬት ወሰን ስላለውና ሰዎች ስለሚካሰሱበት ነገር ልንነግራችሁ ተነሥተናል። ይኸውም የሬዲዮ ሞገዶች የሚጓዙበት የፍሪኩዌንሲ ሜዳ፣ ባለሙያዎች ስፔክትረም የሚሉት ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚጮኸው ራዳር ስለሆነ፣ ነገራችንን ከእርሱ እንጀምራለን።

ከገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ እረኛን አስቡ። ማሚቶው ቶሎ ቢመለስ ገደሉ ቅርብ ነው፤ ቢዘገይ ሩቅ ነው። ራዳርም እንዲሁ የሬዲዮ ምት ይልክና መልሱን ይጠብቃል። ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ መልሱ ከ1,000 ማይክሮ ሴኮንድ በኋላ ቢመጣ ነገሩ ያለው በ150 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ከአውሮፕላን ላይ ነጥሮ እንደሚመለስ ሮበርት ዋትሰን ዋትና አርኖልድ ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1935 በእንግሊዝ አገር በዳቬንትሪ አጠገብ አሳይተዋል።

ችግሩ ግን ከዚህ ይጀምራል። ሁለት አውሮፕላኖች ተጠጋግተው ቢበሩ ራዳሩ እንዲለያቸው ምቱ አጭር መሆን አለበት። የአንድ ማይክሮ ሴኮንድ ምት በ150 ሜትር የተራራቁትን ይለያል። ነገር ግን አጭር ምት የሚይዘው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ከሩቅ የሚመለሰው ማሚቶም የማይሰማ ይሆናል። ምቱን ወደ 100 ማይክሮ ሴኮንድ ብናስረዝመው ጉልበቱ መቶ እጥፍ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በ15 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ሁሉ ተደባልቆ እንደ አንድ ነገር ይታያል። ወይ አርቀህ እይ፣ ወይ አጥርተህ እይ፣ ሁለቱን ግን አትመኝ የተባለ ይመስላል።

መውጫውን አባቶቻችን ባያስቡትም በምሳሌ ተናግረውታል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ጉልበቱን በአንድ ቅጽበት ከመጫን ይልቅ በረጅም ጊዜ ላይ እናከፋፍለው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሎሚ የራሱ ምልክት ይኑረው። ምቱ ሲጀምር ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ብሎ፣ ሲጨርስ ከፍ ይላል፤ ልክ ከታች ወደ ላይ እንደሚወጣ ፉጨት ማለት ነው። መልሱ ሲመጣ ተቀባዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ የፊተኛውን ክፍል አዘግይቶ ከኋለኛው ጋር ያገናኘዋል፤ ረጅሙም ምት አጭርና ስለታም ይሆናል። የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960 የዚህን ዘዴ ስሌት በሰፊው አትመዋል። የ100 ማይክሮ ሴኮንድ ምት በአንድ ሜጋኸርዝ ስፋት ቢፎጭ እንደገና 150 ሜትር ይለያል። ስለዚህ አጥርቶ ማየትን የሚወስነው የፍሪኩዌንሲው ስፋት እንጂ የምቱ ማጠር አይደለም። ዋጋ ግን አለው፤ ራዳሩ 100 ማይክሮ ሴኮንድ ሲጮኽ መስማት ካልቻለ፣ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለውን ቅርብ ነገር በደንብ አያይም።

አሁን ወደ ጎረቤት ጉዳይ እንመለስ። አጥርቶ ለማየት ስፋት ያስፈልጋል፤ ስፋቱ ግን ሌሎችም የሚያርሱት መሬት ነው። ከዚህም በላይ በድንገት ተጀምሮ በድንገት የሚቆም ምት ከወሰኑ ውጭ ይፈሳል። ቀላሉን የአራት ማዕዘን ቅርጽ ምት ብንወስድ፣ በስፔክትረሙ ውስጥ ከዋናው ጉብታ ቀጥሎ ያለው የጎን ጉብታ የዋናውን ሃያኛ እጅ ያህል ኃይል አለው፤ የሚቀጥሉትም እየቀነሱ የሚሄዱት በዝግታ ነው። ከዋናው ራዳር ሃያኛ እጅ ማለት ደካማ ምልክት ለሚያዳምጥ ጎረቤት ነጎድጓድ ነው።

በደሉ ግን ከራዳር ወገን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2 ቀን 1985 በአሜሪካ በዳላስ አውሮፕላን ጣቢያ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን ከደመና ወደ ታች በድንገት የሚወርድ ነፋስ መትቶት 137 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለውን ነፋስ አስቀድመው እንዲያዩ ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ልዩ የአየር ጠባይ ራዳሮች በብዙ ጣቢያዎች ተተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን በፖርቶ ሪኮ በሳን ሁዋን ያለው ራዳር ሥዕሉ በረብሻ ተበላሸ። ምክንያቱ ሲመረመር ያለ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያስተላልፉ መሣሪያዎች በዚያው ሜዳ ላይ ሲሠሩ ተገኙ። እነዚህ መሣሪያዎች ራዳር መኖሩን አስቀድመው አዳምጠው ቦታ እንዲለቁ ደንቡ ያዛቸው ነበር።

ታዲያ መሐንዲሱ ምን ያድርግ? የሞገዱን ቅርጽ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ አድርጎ ይሥራው እንላለን። ጎረቤት በሚያዳምጥበት ፍሪኩዌንሲ ላይ በስፔክትረሙ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍር፤ ጎረቤቱ ሲለቅ ጉድጓዱን ይሙላ።

ይህ በአፍ ቀላል ነው። በተግባር ግን ትልልቆቹ የራዳር ማጉያዎች በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ እንጂ ኃይላቸው ከፍ ዝቅ ሲደረግ በደንብ አይሠሩም። ስለዚህ የምቱ ቁመት ሳይነካ፣ የሞገዱን መነሻ ማዕዘን ብቻ እየለዋወጡ ጉድጓዱን መቆፈር ያስፈልጋል። እኛም በኮምፒውተር ይህን ሞክረናል። መንገዱ እንዲህ ነው፤ ስፔክትረሙ ላይ ጉድጓዱን ትቆፍራላችሁ፣ ወደ ጊዜው ትመለሳላችሁ፣ የተበላሸውን ቁመት ታስተካክላላችሁ፣ ጉድጓዱ በከፊል ይሞላል፣ እንደገና ትቆፍራላችሁ። ይህን ብዙ ጊዜ ስትደጋግሙ ቁመቱም ጉድጓዱም ቀስ በቀስ ይስማማሉ።

ደስ ብሎን ሳንጨርስ ግን ሌላ ነገር አየን። ጉድጓዱ በጠለቀና በሰፋ መጠን ከተጨመቀው ምት ግራና ቀኝ ያሉት ጉብታዎች አደጉ። የትልቅ አውሮፕላን ጉብታ ደግሞ ከአጠገቡ ያለውን ትንሽ አውሮፕላን ይሸፍናል። ፕሮግራማችን ተሳስቶ ነው ብለን አንድ ማታ ሙሉ ስሕተት ስንፈልግ አደርን። ስሕተቱ ግን የእኛ አልነበረም፤ የተጨመቀው ምት ቅርጽ የሚወሰነው በስፔክትረሙ ቅርጽ ነውና፣ ከአንዱ የቆረጡት በሌላው ይወጣል። ለጎረቤት መሬት መልቀቅ በነጻ አይገኝም፤ ጥበቡ ዋጋውን ከማይጎዳበት ቦታ ላይ መክፈል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ኢንተርኔት አስተላላፊዎቹ ራዳርን የሚያውቁት በምቱ ርዝመትና በድግግሞሹ ነው። ራዳሩ ልብሱን በየቅጽበቱ የሚቀያይር ከሆነ ቦታ ሊለቁለት የሚገባቸው እንዴት ያውቁታል? ስለዚህ የሞገድ ነጻነት ያለ ስምምነት ብቻውን ሰላም አያመጣም፤ መለዋወጡም በደንብ የታወቀ መሆን አለበት።

በአገራችንም ይህን ሜዳ የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተደንግጓል። ነገር ግን አዋጅ ወሰን ይከልላል እንጂ ወሰኑን የሚያከብር መሣሪያ አይሠራም። መሣሪያውን የምንሠራው፣ የምንመርጠውና የምንጠግነው ነገ ከዚህ ቤት የምንወጣው እኛ ነን። ሥዕሉ ንጹሕ እንዲሆን የሚጠብቅ አብራሪ ማንነታችንን አያውቅም፤ እኛ ግን እርሱን ማሰብ ይገባናል። ይህን እንድታስቡበት ብለን ነው የተነሣነው።