በሙከራ ጊዜ ያልተነገረ ጉድለት



የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። እንግዲህ ሪፖርት ባስረከበ ቁጥር «ጥሩ ነው» ሲባል የከረመ ወጣት፣ ሥራው እንዳልተወደደለት የሚያውቀው ከስንብት ደብዳቤው ከሆነ፣ የተሞከረው ምኑ ነው? አለቃው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ፊት ለፊት ቅር ማሰኘት ከብዶት ይሆናል። ይሁንና ይሉኝታው ያዳነው ራሱን ነው፤ ወጣቱን እንጀራ አሳጥቶታል።

ይህ ዝምታ ከየት መጣ? በእኔ እምነት አንዱ ምንጩ ግምገማ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ለብዙ ዓመታት ሂስ የሚሰማው በስብሰባ መካከል ነበር። ሰው ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ሲያወርድ ያየ ሁሉ፣ እርማትን ከቅጣት ለይቶ ማየት ይቸገራል። ስለዚህ ተናጋሪው ይፈራል፤ ሰሚውም ነገሩ ሳያልቅ መከላከል ይጀምራል።

እርማት ለብቻ፣ በጊዜው፣ ስለ ሥራው ሲነገር ግን መልኩ ይለወጣል። «አንተ ግዴለሽ ነህ» የሚለው ቃል ሰውን ያቆስላል እንጂ ሥራ አያርምም። «የወሩ ድምር ከደረሰኞቹ ጋር አልገጠመም፤ ከምሳ በኋላ አብረን እንየው» ቢባል ግን ሠራተኛው የት ጋ እንደተሳሳተ ያውቃል። እሱም ለማስተባበል ከመቸኮል ይልቅ «የትኛው ገጽ ላይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ሠራተኛው ለአለቃው መንገር ያለበት እውነትም አለ። እሑድ ማታ በቴሌግራም ለሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ «እሺ» እያለ፣ ውስጥ ውስጡን የሚማረር ሰው አለቃውን በተሳሳተ መረጃ ያሠራዋል። ይኸው አዋጅ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ሳምንታዊው ዕረፍት ያልተቋረጠና ከ24 ሰዓት የማያንስ ነው። ስለዚህ «ይህን ዛሬ ማታ ከጀመርኩ የነገው ይጓደላል፤ የትኛው ይቅደም?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ኃላፊዎች ሆይ፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ካላችሁ በዚህ ሳምንት ለብቻው ጠርታችሁ አነጋግሩት፤ ጉድለቱን ከደብዳቤ ሳይሆን ከእናንተ አንደበት ይስማ።