ዝምታ ሁሉ ደኅንነት አይደለም



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ልንናገርለት የመረጥነው፣ ዐይነ ስውራን ወገኖቻችን በወገባቸው ታጥቀው መንገድ የሚለዩበትን መሣሪያ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ አካል ጉዳተኞች በኅብረት ሲሠራ ስለ ቆየ፣ ነገሩ ለእኛ ለትክል ድንጋይ ልጆች ሩቅ አይደለም።

የመሣሪያው አሠራር እንደ ገደል ማሚቶ ነው። ሴንሰሩ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ፊት ይልካል፤ ድምፁም ከግንብ ጋራ ተጋጭቶ ይመለሳል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 2 ሜትር ርቆ ካለ ግንብ ደርሶ ለመመለስ፣ ሰከንድ በ1,000 ቢከፈል 12ቱን ክፍል ያህል ይፈጅበታል። ቀበቶው ይህን ለክቶ እንቅፋት ሲቀርብ ይንቀጠቀጣል።

ማሚቶው ባይመለስስ? ዘመም ያለ ግንብ ድምፁን ወደ ሌላ ወገን ይመልሰዋል፤ ወፍራም ጋቢም ውጦ ያስቀረዋል። ገደል ደግሞ ወደ ፊት ለተላከ ድምፅ ከሜዳ አይለይም። እንግዲህ ቀበቶው ዝም ሲል «መንገዱ ነጻ ነው» ማለቱ ነው ወይስ «አላወቅሁም»? አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ሳይሠራ አስቀድሞ አሳቡ በሂሳብ ሞዴል ይጻፋል። ሦስት ሁኔታዎች ይኑሩት፤ እነርሱም «ነጻ»፣ «እንቅፋት»፣ «አላውቅም» ናቸው። ሴንሰሩ ጥቂት ወደ መሬት ቢያዘነብል ሸካራው መንገድ ራሱ ማሚቶ ይመልሳል፤ ይህ በሚጠበቅበት ጊዜ ሲመጣ ብቻ «ነጻ» ይባል። «አላውቅም» ግን ከቶ እንደ «ነጻ» አይቈጠር፤ የራሱ ምልክት ይኑረው።

ሐሰተኛ ልኬት እንዳያሳስት ሦስት ልኬት ይጠበቅ ቢባል፣ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚለካው መሣሪያ 0.3 ሰከንድ ይዘገያል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ ሰው በዚያ ጊዜ 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ይህም በሞዴሉ ውስጥ መታሰብ አለበት።

ሦስት ልኬት 27 ዐይነት ቅደም ተከተል ስላለው በወረቀት ይመረመራል። ዐሥር ልኬት ግን 59,049 ስለሚሆን፣ በመንገድ ላይ በመሞከር ብቻ ሁሉን ማዳረስ አይቻልም። ኤድመንድ ክላርክና አለን ኤመርሰን በ1981 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ዘዴ ግን ኮምፒዩተር የሞዴሉን ሁኔታዎች ሁሉ መርምሮ ሕጉ የሚፈርስበትን መንገድ ያሳያል።

ሆኖም ሞዴል ያልተጻፈበትን አያውቅም። ጋቢውን፣ ቦዩንና ዘመም ያለውን ግንብ አብልጦ የሚያውቀው በትር ይዞ በየቀኑ የሚሄደው ሰው ስለ ሆነ፣ ሕጉ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ስሕተቱ በሰው እግር ሥር ሳይሆን በወረቀት ላይ ይገኝ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ!